ለሐኪሙ የዋሸሁት

በድርቁ ዘመን ድንበር ተሻግረን ገዳሪፍ የስደተኞች መጠለያ ስንመዘገብ፣ ለከተማ ሰው እህል አይሰፈርም ሲባል ሰምቼ «ገበሬዎች ነን፤ ከተማ ኖረን አናውቅም» ብዬ ነበር። ሚስቴን ምጥ ሲይዛት ሆስፒታል ወሰድኳት። የፊተኞቹን ሁለቱን በኦፕራሲዮን ነው የወለደቻቸው፤ ይህኛውን በምጥ ልትገላገል ተስላለች። ሐኪሙ ያገራችን ሰው ሆኖ ሳገኘው ይባስ ጠረጠርኩት።

«የት ነው የተቀደደችው?» አለኝ።

ለመዝጋቢዎቹ ሊነግርብኝ ነው ብዬ «እዚያው ገጠር» አልኩት።

«ገጠር ማን ቀደዳት ወንድሜ? በማጭድ ነው?»

የእህል ካርዳችን ሲቀደድ ታየኝ።

«የውስጡ ጠባሳ እንዴት እንደሆነ ካላወቅሁ በምጥ አላስወልዳትም፤ ማህፀኗ ሊተረተር ይችላል። ኦፕራሲዮን ትገባለች» አለ።

ይሄኔ ሚስቴ ከአልጋዋ ቀና አለች። «ሁለቴም ጎንደር ነው። የቀደደኝ ሐኪም ‹ወደ ታች፣ አግድም ነው፤ ሌላውን በምጥ ትወልጅ ይሆናል› ብሎኛል።»

«እንሞክራለና» አለ ሐኪሙ። ስለ ካርድ ቃል አልተነፈሰም።

ከሰዓት በኋላ ሴት ልጅ በምጥ ወለደች። ገብቼ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አልኳት።

«ማርያምስ ማረችኝ፤ አንተ ነህ ሰው ስትጠረጥር ልታሳርደኝ የነበርከው» አለችኝ።