ስም ያልተጻፈበት ጆንያ

ብቻውን ለሚኖር ሰው ከትልቁ ነገር ይልቅ ትንሹ ይከብደዋል። አባ ፊደል ሚስታቸው ከሞቱባቸው ወዲህ ብቻቸውን መብላቱንም መተኛቱንም እንደምንም ለምደውት ነበር፤ ብቻቸውን አንሶላ ማጠፍ ግን አልሆነላቸውም። አንዱን ጫፍ ሲይዙ ሌላው መሬት ይጠርጋል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሕንጻው ጣሪያ ላይ፣ ልብስ ከሚሰጣበት ቦታ፣ ከአንሶላቸው ጋር ሲታገሉ አንዲት ወጣት ሴት ሌላውን ጫፍ ብድግ አደረገችላቸው።

«ይፍቀዱልኝ አባባ።»

«እግዜር ይስጥልኝ ልጄ። እንግዳ ነሽ መሰለኝ?»

«ከእርስዎ በር ፊት ለፊት ነው የምኖረው። ሦስት ወር ሆነኝ።»

ሦስት ወር! አባ ፊደል አፈሩ። ማታ ማታ የቁልፏን ድምፅ ይሰሙ ነበር፤ እሷም የእሳቸውን ሳል ትሰማ ኖሯል። ግድግዳ ሰውን ከሰው አይለይም፤ የሚለየው ዝምታ ነው።

አባ ፊደል ስሙ የወጣላቸው በሥራቸው ነው። ሠላሳ አራት ዓመት በጆንያ ፋብሪካ ሠርተዋል። ወደ ተቸገሩ አገሮች የሚላከው እህል በሚሞላበት ጆንያ ላይ የሚታተመውን ጽሑፍ፣ የሰጪውን አገር ስምና ከሥሩ እርዳታው ለማን እንደ ሆነ፣ በቆርቆሮ ላይ ፊደል በፊደል የሚፈለፍሉት እሳቸው ነበሩ። ጡረታ ሲወጡም ሙያቸው አልተረሳም። በዚያ ሰሞን መንግሥት ከውጭ እርዳታው ከፊሉን ወደ ዓለም አቀፉ የአደጋ ጊዜ የጋራ ፈንድ ሊያስገባ ነው ተባለ። ፈንዱ ብዙ አገሮች አደጋ ሳይደርስ በፊት የሚያዋጡበት፣ የማን ገንዘብ ለማን ሳይባል ችግር ወዳለበት ሁሉ የሚወጣበት ነው። የፋብሪካው ጡረተኞች ይህን የሚቃወም ደብዳቤ ጽፈው፣ ቅዳሜ በአዳራሹ በሕዝብ እንደራሴው ፊት እንዲያነቡላቸው የመረጡት አባ ፊደልን ነበር።

ወጣቷ ከደረት ኪሳቸው ብቅ ያለውን ወረቀት አይታ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም የሚያዋያቸው ሰው በማግኘታቸው ደስ ብሏቸው ከልብስ ማጠቢያው ገንዳ ጠርዝ ላይ ተቀመጡና ነገሩን አስረዷት።

«ባጭሩ ‹ስማችን አይጥፋ› ነው የሚለው። እኔ ሰጥቼ ሰጪው እኔ መሆኔ ካልታወቀ ምኑን ሰጠሁት? ከጋራ ድስት የገባ ጨው የማን እንደ ሆነ ማን ያውቃል?»

«ምግቡ መጣፈጡን ግን በላተኛው ሁሉ ያውቃል፣ አባባ።»

አባ ፊደል ሳቅ አመለጣቸው። «ምላስሽ ስለት ነው! ይሁን። ሌባውንስ ምን ትይዋለሽ? የጋራ ነገር እኮ ባለቤት የለውም።»

«ሌባ በስም የተሰጠውንም አይምርም። የጋራ ሲሆን እንዲያውም የሚጠይቀው ሰው ይበዛል፤ ለማን ተሰጠ፣ በስንት ቀን ደረሰ ብሎ አንዱ ቢተኛ ሌላው ይነቃል። መቆጣጠር ሌላ፣ መንፈግ ሌላ።»

«እኛ መቼ ነፍገን እናውቃለን? ችግር ደረሰ ሲሉን እንሰጣለን።»

«እሱ ላይ ነው ችግሩ» አለች፤ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ይሆናል። እኔ እዚህ ከመምጣቴ በፊት ሩቅ አገር የእርዳታ መጋዘን ኃላፊ ነበርኩ። ወንዝ ሞልቶ መንደሮችን ጠራረገ። ካሜራ የያዘ ሁሉ መጣ፤ ያየ ሁሉ ላከ፤ መጋዘኔ እስከ ጣሪያው ሞላ። ውሃው ሲጎድል የጎርፉ ሰዎች ወደየቤታቸው ተመለሱ፤ እህሉ ግን ገና ብዙ ነበር። ከተራራው ወዲያ ደግሞ፣ በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ፣ ዝናብ ጠፍቶ ሰው እየተሰደደ ወደ እኛ ይመጣ ጀመር። እዚያ ካሜራ አልሄደም።»

«ታዲያ አትሰጫቸውም?»

«ጆንያው ላይ ‹ለወንዙ ጎርፍ ተጎጂዎች› ተብሎ ተጽፏል። ለሌላ ለመስጠት ከሰጪው ፈቃድ ያስፈልጋል። ጻፍኩ፤ ቆዩ አሉኝ። ደግሜ ጻፍኩ፤ ጉዳዩ እየታየ ነው አሉኝ። አንዲት እናት በመስኮቱ ፍርግርግ እያየች ‹ምን ይላል ጽሑፉ?› አለችኝ። ነገርኳት። ‹ምነው እኔንም ጎርፍ በወሰደኝ› አለች። ፈቃዱ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ሲመጣ ልጇን ከቀበረች ሁለት ቀኗ ነበር።»

ከተሰጣው ልብስ ላይ ውሃ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማል። አባ ፊደል በጣታቸው ገንዳው ላይ አንድ ፊደል ስለው ጠየቁ፦

«የጆንያው ፊደል እግሩ ወደ ግራ ቀለስ ያለ ነው?»

«አዎ። እንዴት አወቁ?»

«የቆረጥኩት እኔ ነኛ።»

ወጣቷ ደነገጠች። «አባባ፣ ይህን ባውቅ ኖሮ አልነግርዎትም ነበር። እጅ የታዘዘውን ይሠራል፤ እርስዎ ምን አጠፉ?»

«አጥፍተሃል አላልሽኝም፤ እኔም ጥፋተኛ ነኝ አላልኩም። ብቻ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ያ ጽሑፍ በር መክፈቻ ነበር የሚመስለኝ።» ከዚያም፦ «የጋራው ፈንድ ቢሆን ኖሮስ?» አሉ።

«በዓመቱ ሌላ ቦታ እንዲሁ ያለ ችግር ደረሰ፤ ወሬው በሬዲዮም አልተነገረም። ከፈንዱ ተጠየቀ፤ ገንዘቡ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ነውና በሦስተኛው ቀን ተላከ። እህሉ ከቅርብ ገበያ ተገዛ። የየትኛው አገር ገንዘብ እንደ ነበር እኔም እስከ ዛሬ አላውቅም።»

አባ ፊደል ደብዳቤውን አውጥተው አዩት። «ልጄ፣ እውነቱ ገብቶኛል። ነገር ግን ደህና ዋልክ የሚለኝ የቀረኝ ሰው ቢኖር እነዚህ ጓደኞቼ ናቸው። ይህን ካላነበብኩላቸው ያንንም አጣለሁ።»

እሷ የታጠፈውን አንሶላ አንሥታ እስከ በራቸው አደረሰችላቸው። አንባቢ ሆይ፣ እውነትን ማወቅ ቀላል ነው፤ ከወዳጅ የሚለይ ሲሆን መናገሩ ነው የሚያቅተው።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። አባ ፊደል ተነሥተው ደብዳቤውን አጥፈው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ክቡር እንደራሴ፣ ያነባል ተብዬ የመጣሁትን አላነበውም። ጓደኞቼ ይቅር ይበሉኝ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ ይባላል። የምንሰጠውን አስቀድመን ከሌሎች ጋር ብናዋጣ ችግረኛው እኛ እስክንሰማ አይጠብቅም። ካሜራ ያላየውም ይታሰባል። ለአንዱ የተረፈው ሌላው እየሞተ አይቆለፍበትም። አንዱ አገር ባይሞላለት ሌላው ይሸፍናል። እኛም ነገ ክፉ ቀን ቢደርስብን የማን ወዳጅ ናችሁ ሳንባል እንረዳለን። ዝርዝሩን በየዓመቱ እንጠይቅ፤ ስማችን ይጻፍ ብለን ግን እርዳታውን አናስቁም። ይህን የምለው እኔ ስሙን በእጄ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ።»

ከኋላ ወንበሮች ሲገፉ ተሰማ። ጡረተኞቹ አንድ በአንድ ወጡ። የቀድሞው አለቃቸው በአጠገባቸው ሲያልፍ «ሸጥከን» አላቸው። አባ ፊደል ከአዳራሹ ሲወጡ የሚጠብቃቸው አልነበረም።

መዋጮው ከሁለት ወር በኋላ በእንደራሴዎቹ ጸደቀ። ጡረተኞቹ ግን አባ ፊደልን እንዳላዩ ማለፉን አልተዉም። ከጊዜ በኋላ አንዱ «ነገርህ ሳይገባኝ አልቀረም» ሲላቸው ሌሎቹ ገና እንዳኮረፉ ነበሩ። ወጣቷም ለሥራ ተጠርታ ሄደች፤ በሯ ተቆለፈ፤ አባ ፊደል ማታ ማታ ጆሯቸውን ጥለው የሚጠብቁት የቁልፍ ድምፅም ቀረ።

አንድ ጠዋት ስልካቸው ጮኸ። ነፋስ ያንገላታው የሩቅ ድምፅ ነበር።

«አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? እዚህ መሬት ተንሸራቶ ሁለት መንደር ቀብሯል። በዜና ሰምተዋል?»

«ኧረ አልሰማሁም።»

«ማንም አልሰማም። ከፈንዱ የተላከው ግን ትናንት ደረሰ፤ አደጋው ከደረሰ ገና አራተኛ ቀኑ ነው። ጆንያው ነጭ ነው፤ ምንም አልተጻፈበትም።»

«ሰዎቹ ታዲያ ማን ላከው አሉ?»

«ማንም አልጠየቀም። ልጆቻቸውን አብልተው ተኙ።»