ቶሎ የምትነሳዋ ስኩተር

ዘንድሮ ምስሩ ጠጠር አልበዛበትም ትያለሽ፣ ፀግዬ? ወይስ የኔ ዓይን ነው? እስቲ ሰፌዱን ወደዚህ ጠጋ አድርጊው። ብዙ ዘመን የኖርኩበት ጣልያን አገርም ምስር አለ፣ ጠጠሩ ነው የሌለው። ጠጠር የሌለው ምስር ደግሞ ምን ጨዋታ ይወጣዋል? እጅ ሲሠራ ነው አፍ የሚፈታው። እናትሽ ዘመነች ከገበያ እስክትመለስ እንጨርሰዋለን። ለእሁድ ነው አይደል… ለሽማግሌዎቹ? ጋሽ በየነ ምስር ይወዳሉ ብላኛለች። ይወዱታ። ሽማግሌ የሰው ልጅ ሊጠይቅ ሲመጣ የማይወደው ወጥ የለም።

ጮክ ብዬ የማወራው ጆሮዬ ስለደከመ ነው፣ አትታዘቢኝ። የሚደክመው የራስ ጆሮ ሆኖ የሚቸገረው የሰው ጆሮ ነው። ያ እንግዳችን እንኳ፣ ቧንቧው ጋ ስኩተርሽ ሥር የተንበረከከው፣ ሥራውን እንዳላውክበት እሰጋለሁ። ግድ የለም፣ እሱ ሥራ ላይ ሲሆን ሰው ቢጠራውም አይሰማም ብለሽኛል። ጌታ ሲናገረው ብቻ ነው የሚሰማው። መታደል ነው።

እጁ እንዴት ይፈጥናል። ወደዚህ ሰፈር ከተመለስኩ ወዲህ እንደሱ ያለ ጀማሪ አላየሁም። መዘምራን ልምምድ ላይ ያየሽ ቀን የኬክ ካርቶንሽን ተሸከመልሽ። በሳምንቱ እናትሽን «እማዬ» አላት። እኔ ገና ሻንጣዬን ፈትቼ መጻሕፍቴን የማስቀምጥበት መደርደሪያ ስፈልግ እሱ ሽማግሌ መርጦ ጨርሷል። ብዙ ልብ ወለድ አንብቤያለሁ፣ ልጄ። በመጀመሪያው ምዕራፍ እንዲህ የሚፈጥን ወጣት ሞልቷል። የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ግን… ማን ያስታውሰዋል? መጽሐፉ ይረዝምና ይረሳል።

እኔ የምልሽ፣ አንድ ቀን «ስኩተሬ ከጦር ኃይሎች ስመለስ ዳገቱ ላይ ታዘግማለች» ብትዪ፣ ማን ነው እንዲህ ቶሎ የሚደርስልሽ? ሌላ ሰው ቢሆን «ኬክ አይደል የምትጭነው፣ ብትዘገይ ምን አለ» ይል ነበር። እሱ ግን ገና ቃሉ ከአፍሽ ሳይወጣ ካቻቢቴውን ይዞ ተገኘ። ቺንጋው፣ ፍሪሲዮኑ፣ ሞላው፣ ካምቢዮው እያለ የሞተሩን ዕቃ ሲዘረዝርልሽ ሰምቼዋለሁ። ታውቂያለሽ፣ መጀመሪያ ቦሎኛ ስደርስ ጣልያኖቹ እነዚህን ቃላት ሲናገሩ ከኮልፌ ጋራዦች የተማሩ ነበር የመሰለኝ።

እኔ መካኒክ አይደለሁም። ቦሎኛ የተከራየኋት ክፍል ሥር ስኩተር የሚጠግን ሰው ነበር። የማነበው ሲያልቅብኝ የሱን የጥገና መጻሕፍት እዋስ ነበር። ሌላው ሰው ፍቅር እያነበበ ያለቅሳል፣ እኔ ስለ ካምቢዮ እያነበብኩ ነው ያለቀስኩት። እስቲ ያነበብኩትን ላጫውትሽ። ላንቺ ነው እንጂ ለሱ አይደለም። እሱ ሁሉን ያውቃል።

የዚች ስኩተር ማርሽ በእጅም በእግርም አይቀየርም። ከሞተሩ ጎን ባለው ክብ መዘውር ውስጥ የጣት ጫፍ የሚያካክሉ ስድስት ሮለሮች አሉ። መዘውሩ ሲሽከረከር ሮለሮቹ ወደ ዳር ይወጣሉ፣ ሲወጡ ቺንጋውን፣ ያን የጎማ ቀበቶ፣ እየገፉ ከፍ ያደርጉታል፣ ቺንጋው ከፍ ባለ ቁጥር ስኩተሯ ፍጥነት ትጨምራለች። ይኸው ነው። ሮለሮቹ ከባድ ሲሆኑ አነሳሷ ዝግ ይላል፣ በኋላ ግን ትዘልቃለች። ቀላል ሲሆኑ ከቆመችበት ፈንጠር ብላ ትነሳለች። ሲበዛ ከቀለሉ ደግሞ ትነሳለች፣ ትጮኻለች፣ ከዚያ ወዲያ የለችም። ሞተሩ እሪ ይላል፣ መንገዱ ባለበት ነው። ምን ታደርጊዋለሽ። ክብደት የሌለው ነገር ቶሎ ይነሳል። ላባም እንደዚያው ነው። አንዳንድ ሰውም… ሮለር ማለቴ ነው።

ምነው ሳቅሽ? ጠጠሩን ተመልከቺ።

እንግዲህ ለስኩተርሽ የሚሆን ቀለል ያለ ሮለር ከተማው ውስጥ ጠፋ። ሌላው ሰው ይህን ጊዜ ይጠብቃል። ወይም «አልተገኘም» ይላል፣ ያም ነውር አይደለም። ባለ ብልሃቱ ግን የነበሩትን ስድስቱን አውጥቶ ብረት የሚቀርጹበት ቶርኖ ቤት ወሰዳቸውና ውስጣቸውን አስቦረቦረ። «ከውጭ አገር ያስመጣሁልሽ ናቸው» ነበር ያለሽ? እንግዲህ ቶርኖ ቤቱም ከዚህ ግቢ ውጭ ነው፣ ዋሸ አይባልም። ይኸውልሽ አንዱ፣ ዛሬ ጠዋት ሲከፍተው ተንከባሎ እግሬ ሥር የመጣው። ያዢው። ከላይ ስታዪው ያው ነው፣ ክብ፣ ልስልስ ያለ፣ ያጌጠ። በዚህ በኩል ቀዳዳውን እዪው። ውስጡ ነው የሌለው። እኔ በረጅም ዕድሜዬ ሰው እንዲህ ሆኖ አይቻለሁ፣ ሮለር ሲሆን ግን የመጀመሪያዬ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ደግሞ እንዴት አማረባት። እውነቱን እንናገር። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ሚኒባሱን ሁሉ ጥለሽ እብስ አልሽ። ስትስቂ አስኮ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። እሱም ዳር ቆሞ እጁን አጣምሮ ያይ ነበር፣ ፍጥረቱን እንደሚያይ ሰው። ከዚያ ወደ ዓለም ባንክ ሰፈር ዘርጋ ያለው መንገድ ላይ ስትደርሺ… ያ ጥለሽው የሄድሽው ሚኒባስ ቀስ ብሎ መጥቶ አለፈሽ አይደል? ረዳቱም በመስኮት እጁን አውለበለበልሽ አሉ። ጨዋ ልጅ ነው።

ትናንት ደግሞ ያ የልደት ኬክ። ስሟን ራዕይ ያልሽኝ ሕፃን፣ ሻማዋን ይዛ በር ላይ ስትጠብቅ። አንዱ ሮለር ባዶ ሆዱን መሸከም አቅቶት ተጨፈለቀ፣ ቺንጋው ተበጠሰ፣ ካርቶኑ ወደቀ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይሉ ነበር የድሮ ሰዎች። ቺንጋ ስላላወቁ ነው እንጂ ይበጠሳል ባሉ ነበር። ደግሞም የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ይኼ እንኳ ከድሮም ትክክል አልነበረም። የቸኮለው ያፈሳል፣ የሚለቅመው ሌላ ሰው ነው። ክሬሙን ከአስፋልት የለቀምሽው አንቺ፣ ስኩተሯን ከዓለም ባንክ እስከ ኮልፌ የገፋሽው አንቺ። ስትደውዪለት አላነሳም መሰለኝ። ጸሎት ላይ ይሆናል። አይፈረድበትም፣ የሚጸለይበት ነገር ሞልቷል።

ብቻ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ርግቢቱ። ጠዋት ሲጸልይ ነጭ ርግብ ቀኝ ትከሻሽ ላይ አርፋ አየሁ፣ «ሚስትህ ይህች ናት» የሚል ድምፅ ሰማሁ ያለሽ። ስትነግሪኝ ዓይንሽ እንባ ሞልቶ ነበር፣ እኔም ልቤ ተነካ። ራእይ አላቃልልም። እግዚአብሔር ለወደደው ይናገራል፣ ማን ይከለክለዋል? ግን ብዙ ያነበበ ሰው አንድ ክፉ ልማድ አለበት። አንዱን ዓረፍተ ነገር ሁለት ቦታ ሲያገኘው ይደነግጣል።

ባለፈው ጦር ኃይሎች የታክሲ ሰልፍ ላይ ካሳነሽን አገኘኋት። አብረን የተማርን፣ አሁን አስኮ የምትኖረው። ሰልፉ ረዘመ፣ ወሬውም ረዘመ። ማራናታ የምትባል ልጅ አለቻት፣ ልብስ ሰፊ። ባለፈው ዓመት ለዚች ልጅ አንድ ወንድም ለጋብቻ መጥቶላት ነበር። ስሙን አልጠየቅኩም። ስም ምን ያደርጋል? ዘማሪ ነው አለችኝ፣ ጨዋ፣ እጁ ሥራ የሚወድ። የስፌት መኪናዋ ዘገየች ብሎ ፈታትቶ አፈጠነላት። ዛሬ መኪናዋ ከፍጥነቷ ብዛት ክር አትይዝም፣ ጨርቁን ዝም ብላ ትበሳለች። ቀዳዳ ለሚወድ ሰው ጥሩ መኪና ናት። እሱም ታዲያ አንድ ጠዋት ሲጸልይ… ነጭ ርግብ አየ። ትከሻዋ ላይ። ግራ ይሆን ብዬ ጠየቅኩ፣ ስሚኝ፣ ለተስፋ ብዬ ነው የጠየቅኩት። ቀኝ ነው አለችኝ።

ምን ጥሩ ርግብ ናት። ከአስኮ ኮልፌ እንዴት አልደከማትም?

ምንድን ነው የወደቀው? ኪያቤው፣ መፍቻው? ተይው፣ አትነሺ። ራሱ ያነሳዋል። ትኩስ ብረት ነክቶ ይሆናል።

ከዚያማ ሽማግሌ ተላከ። እነ ካሳነሽም በዚያው ዕለት «እሺ» አሉ፣ ለዘመድ ሁሉ ተነገረ፣ ሚዜ ተመረጠ። ልጅቷ የራሷን ቬሎ በእጇ ሰፋች፣ በአሮጌ መኪና፣ እሱ ያፈጠናት እንቢ ስላለች። ከዚያ ጌታ ደግሞ ተናገረው አሉ። «ተው» አለው። አየሽ፣ «ጀምር» ሲባል በሰው ሁሉ ፊት ይመሰክራል፣ «ተው» ሲባል ግን በስልክ መልእክት ነው የሚያደርሰው። ልጅቷ ከዚያ ወዲህ መዘምራን አልሄደችም። ቬሎውን ለሰው ታከራየዋለች።

እጅሽ ምነው ቆመ፣ ልጄ? እኔ እኮ ስለ ስፌት መኪና ነው የማወራው።

እኔም ከዚህ ሰፈር ስወጣ ጣቴ ላይ ቀለበት ነበር። ሰጪው «ዕድሜ ልክም ቢሆን እጠብቅሻለሁ» ብሎ አውሮፕላን ማረፊያ ሸኘኝ። አውሮፕላኑ ሳይነሳ እሱ ከቃሉ ተነሳ። ያን ጊዜ ስኩተር አልነበረውም፣ በእግሩ ነው እንዲያ የፈጠነው። ቀለበቱን ብዙ ዘመን አድርጌው ሠራሁ። እዚያ ጣልያን አገር የሰው አሮጊት ሳጥብ እንኳ አላወለቅኩትም። በኋላ ውስጡ ባዶ መሆኑን ያወቅኩት ተሰብሮ ነው። ከላይ ወርቅ ነበር። ተይው ይህን፣ ምስሩ ውስጥ ጠጠር አየሁ።

ጋሽ በየነ ለእናትሽ ምን እንዳሏት ሰምተሻል? «መልሱ በዕለቱ ይሰጠን፣ ልጁ ቸኩሏል» አሉ። ዘመነችም ደስ ብሏት «እሺ» ልትል ነው። ድሮ ሽማግሌ ሲመጣ በር ላይ ይቆማል፣ «እንምከርበት፣ ተመለሱ» ይባላል። ይመለሳል። ደግሞ «አጎቷ አልመጣም» ይባላል። ደግሞ ይመለሳል። ልጅ ሆኜ ይህ ሁሉ መመላለስ የሽማግሌ ጫማ ለመጨረስ ነበር የሚመስለኝ። አሁን ነው የገባኝ። ሮለሩ ያ መመላለስ ነው። ክብደቱ። ቀስ ብሎ የሚነሳው ነገር ይዘልቅ እንደሆነ የሚታየው በመመላለሱ ነው። በዕለቱ መልስ የሚፈልግ ሰው እንግዲህ… የሽማግሌውንም ውስጥ ቶርኖ ቤት አስወስዶታል ማለት ነው። ከላይ ነጭ ጋቢ፣ ምርኩዝ፣ ሁሉም አለ። ውስጡን ግን ማን ይጠይቃል?

እኔ ምን አግብቶኝ። የምትጠየቂው አንቺ ነሽ። እሁድ «እሺ» ብትዪ እልል እላለሁ፣ ድምፄ እንደሆነ ሰምተሽዋል። «ተመለሱ» ብትዪም ምስሩ አይበላሽም፣ ለሚመለስ ሰው ይሞቃል። የሚመለስ ከሆነ።

ሰማሽ? ቺንጋ ቀይሮ ስኩተሯን አስነሳት። እንዴት ያምራል ድምፁ። እዪው፣ ከቧንቧው እስከ በሩ እንደ ጥይት። እዚያ ድረስ ማንም አይቀድመውም… ሞተሯ ጠፋ። በሩ ጋ። ግድ የለም፣ በሩ ሩቅ ነው።

ወዴት ነሽ? ቁልፉን ልትቀበዪው? ሂጂ፣ ልጄ። እጁ ዘይት ነው፣ ቁልፉን በጨርቅ ጠርገሽ ያዢው። ያ ቀዳዳ ሮለር ደግሞ ኪስሽ ውስጥ ይቀመጥ፣ እሁድ ጋሽ በየነ ሲጠይቁሽ በእጅሽ ብትጨብጪው መልስ አይጠፋሽም። አስኮ መሄድ ከፈለግሽ የካሳነሽን ስልክ እሰጥሻለሁ። በታክሲ ሂጂ። ይዘገያል፣ ግን ይደርሳል።

ቁልፉን ይዘሽ መጣሽ? አየሽ፣ ለመሄድም ፈጠነ። በእግሩ? ኮቱን እንኳ በደንብ ሳይለብስ? ሳልመርቀው? ነውር ነው፣ እንዲህ ደክሞልን። እንኪ ሰፌዱን፣ ልቁም… እንዲሰማኝ ትንሽ ጮክ ልበል።

ተባረክ የኔ ልጅ። እጅህን ይባርከው፣ የነካኸው ሁሉ ይብረር። ርግብህን አያሳጣህ። አምላክ መነሻህን እንዲህ አሳምሮ ሰጥቶሃልና ከመነሻህ አይለይህ። ዕድሜ ልክህን እንደ ጀመርክ ያኑርህ።

አሜን በዪ እንጂ፣ ፀግዬ።