ከፈተናው በፊት የተሰጠ ማዕረግ

አቶ ዱካሞ በስደት አገር፣ ክሊፕታውን በሚባል ሰፈር ውስጥ ትንሽ ሱቅ ከከፈቱ አሥራ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። በእነዚህ ዓመታት ያገኙት ትልቁ ትምህርት፣ እሳቸው እንደሚሉት፣ የህንዶች ብልሃት ነው። ከሱቃቸው ራቅ ብሎ ሌኔዥያ የሚባል የህንዶች ሰፈር አለ። እዚያ ልጅ የመጨረሻው ክፍል ሲደርስ ጨዋታውም ሠርጉም ይቀርበታል፤ ከትምህርት ቤት ወጥቶ የማጠናከሪያ ትምህርት ይገባል፣ ከዚያም ወጥቶ ሌላ ማጠናከሪያ ይገባል። የዚያ ሰፈር ጨርቅ አከፋፋይ ሚስተር አብዱልመጂድ የበኩር ልጁን ሕክምና ትምህርት ቤት ያስገባው በዚህ መንገድ ነበር። አቶ ዱካሞ ይህን ሰምተው ልጃቸውን ማራናታን በዚያው መንገድ ሰደዷት።

ይህ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። እሳቸው ግን ከህንዶቹ የተዋሱትን በራሳቸው ቅመም አጣፈጡት። ሐበሻ በሚበዛበት በጀፕ ሰፈር ባለው ቤተ ክርስቲያናቸው አንድ እሑድ በምስክርነት ሰዓት ተነሥተው፣ ጌታ ልጃቸውን ዶክተር እንዳደረጋት ተናገሩ። ጉባኤው አሜን አለ። ልጅቷ ገና ለማትሪክ የሙከራ ፈተና እንኳ አልተቀመጠችም። ከዚያ ወዲህ ትልቁም ትንሹም «ዶክተር ማራናታ» እያለ ይጠራታል፤ ረቡዕ ረቡዕም ስለ ፈተናዋ ከአባቷ ጋር ትጾማለች። ሁሉም ደግ ሰዎች ናቸው፤ ክፋት ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም።

ማትሪክ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ አቶ ዱካሞ ሌኔዥያ ሄዱ። ማራናታን ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ለሚጀምር ሦስተኛ ማጠናከሪያ ሊያስመዘግቧት ነበር። ማጠናከሪያ ቤቱ የአንድ ህንዳዊ መኖሪያ ቤት ጋራዥ ነው። በሩ ላይ አንዲት ወጣት በስልክ በአማርኛ «በልቻለሁ እማዬ፣ አታስቢ» ስትል ሰሙና ቆሙ። ጠይቀው ሲረዱ የማራናታ የሒሳብ መምህርት ናት፤ ስሟ መሰረት፣ የአዲስ አበባ ልጅ። ማራናታ መምህሯ ሐበሻ መሆኗን እንኳ ነግራቸው አታውቅም፤ እሳቸውም ከማርክ በቀር ጠይቀዋት አያውቁም።

መሰረት አክብራ እጅ ነሣቻቸው። የመጡበትን ጉዳይ ስትሰማ ግን ፊቷ ከበድ አለ።

«ጋሼ ዱካሞ፣ እኔን ከጠየቁኝ አያስመዝግቧት» አለች።

«እንዴት? ያንቺ እንጀራ አይደል እንዴ?»

«እንጀራዬ ነው። ሐሙስ ዕለት ግን ሰዓት ይዤ ፈተንኳቸው። ማራናታ ስሟን ጻፈች፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሌላ ምንም አልጻፈችም። ልጆቹ ከወጡ በኋላ ያንኑ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ብሰጣት አንድም ሳትስት ሠራችው።»

አቶ ዱካሞ ደነገጡ። ሐሙስ ማታ «እንዴት ነበር?» ብለዋት «ጥሩ ነው» ብላቸው ነበር። መሰረት በትሕትና አስረዳቻቸው፤ ልጅቷ በቀን አራት ሰዓት ብቻ ትተኛለች፣ ረቡዕ ሆዷ ባዶ ነው፣ የሰው ጭንቅላት ደግሞ እየረገጡ የሚሞሉት የበቆሎ ማዳበሪያ አይደለም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል አለቻቸው። እሳቸውም ዝም አላሉም። ትምህርት ከስምንተኛ ክፍል ማቋረጣቸውን፣ በጭነት መኪና ተደብቀው ድንበር መሻገራቸውን፣ ይህ ሁሉ ለማራናታ መሆኑን ተናገሩ። እንቅልፍ የሚደርሰው ከዲግሪ በኋላ ነው አሉ።

«ከእንቅልፍ የባሰም አለ» አለች መሰረት። «ለምን እንዳልጻፈች ስጠይቃት ምን እንዳለችኝ ልንገርዎት? ‹ዶክተር ካልሆንኩ አባቴ ጉባኤው ፊት ውሸታም ይሆናል› አለችኝ።»

አቶ ዱካሞ መሬት መሬቱን አዩ። «እኔ የተናገርኩት በእምነት ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«እምነትዎን አልነካም፤ እኔም የምጸልይ ሰው ነኝ። ግን ጋሼ፣ ምስክር የሚባለው ያየውን የሚናገር አይደል? ገና ያልሆነውን ሆነ ብለው መሰከሩ፤ እሷ ደግሞ ቃልዎን እውነት ማድረግ አለብኝ ብላ ተሸከመችው። አባቶቻችን ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ። እርስዎ አስቀድመው ጠመጠሙላት።»

ባለሱቅ ግን በአንድ ክርክር አይረታም። ሚስተር አብዱልመጂድ ከመንገዱ ማዶ መኪናው ውስጥ ሆኖ ማጠናከሪያ የገባችውን ታናሽ ልጁን ይጠብቅ ነበር። አቶ ዱካሞ ልጁን ዶክተር ያደረገ አባት ይፍረደን አሉና መምህርቷን አስከትለው ሄዱ። «ሳውቦና ባባ» ብለው በዙሉኛ ሰላም ካሉት በኋላ፣ በተሰባበረች እንግሊዝኛቸው የበኩር ልጁ በቀን ስንት ሰዓት ያጠና እንደነበር ጠየቁት።

ሰውየው መሪውን እንደያዘ «አሥራ ስድስት ሰዓት» አለ። «ሕክምና ገባ። በአራተኛው ወር ትምህርቱን ትቶ መጣ። አሁን ክፍሉን ቆልፎ ይውላል፤ ምግቡን በሩ ላይ እናስቀምጥለታለን። ሰፈሩ ግን ዛሬም ዶክተር ይለዋል። እኔም አፍሬ አላረምኳቸውም። ታናሿን ከቅዳሜ በቀር እዚህ አላመጣትም።»

አቶ ዱካሞ ለሰውየው አዘኑ፤ ለራሳቸውም ፈሩ። ለመምህርቷ «ታዲያ ምን ላድርግ?» ያሏት የሱቅ ክርክራቸውን ትተው ነው። መሰረትም የሚበጀውን ነገረቻቸው። ቅዳሜ ብቻ ትምጣ። ቤት ውስጥ በቀን አንድ የድሮ ፈተና ሰዓት ይዛ ትሥራ፣ ከዚያ ደብተሩ ይከደን። ስምንት ሰዓት ትተኛ፣ ቁርስ ትብላ። እርስዎም ስንት አመጣሽ ማለቱን ትተው ዛሬ ምን ከበደሽ ይበሏት። ውጤቱ ቢያንስ ፈተናው ድጋሚ ይወሰዳል፤ ሰውን የሚጠቅም ሙያም ሕክምና ብቻ አይደለም።

«ጾሙስ?»

«እሱን እኔ ልነግርዎ አልችልም።»

አቶ ዱካሞም፣ «እንግዲያው እኔ እጾምላታለሁ፤ እሷ ትብላ» አሉ።

በማግስቱ እሑድ በምስክርነት ሰዓት ተነሡ። ሰው ፊት የሰጡትን ቃል መሻር ቃልን ከመስጠት እንደሚከብድ ያን ቀን አወቁ። «ወገኖቼ፣ ያላየሁትን መስክሬአለሁ፤ ይቅር በሉኝ። ልጄ ተማሪ ናት። ከዛሬ ጀምሮ በስሟ ጥሯት» አሉ። አንዳንዱ እምነት ጎደለው ብሎ አጉረመረመ፤ ብዙው ግን በዚህኛውም አሜን አለ። ማራናታ ከመዘምራኑ መካከል ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። ቤት እንደገባች ተኛች፤ የነቃችው በማግስቱ ጠዋት ነው።

ለውጡ በአንድ ጀንበር አልመጣም። መጀመሪያ ቀን ሰዓት ይዛ የፈተናውን ግማሽ ሠራች፤ በአምስተኛው ቀን ጨረሰችው። እራት ላይ ወሬ ጀመረች፤ አቶ ዱካሞም ልጃቸው ሰው ማሳቅ እንደምትችል ያወቁት በዚያ ሳምንት ነው። አንባቢ ሆይ፣ ልጅህ እንዲማርልህ ከፈለግህ አስቀድመህ አስተኛው፤ ማዕረጉን ደግሞ ራሱ ይድረስበት።

የሒሳብ ፈተናው ዕለት አቶ ዱካሞ ሱቃቸውን ዘግተው በትምህርት ቤቱ በር ጠበቋት። ማራናታ እየሮጠች ወጣች።

«ሁሉንም ሠራሁ አባዬ፤ የመጨረሻው ግን አቃተኝ» አለች።

አቃተኝ የሚል ቃል ከአፏ ሰምተው አያውቁም ነበር። እንባቸው መጣ፤ ለመደበቅም አልሞከሩም። የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጡና አጠገባቸው ቦታ ለቀቁላት። «ነይ እስቲ፣ የቱ ጋ እንደሆነ አሳይኝ» አሏት። ማራናታ የጥያቄ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘርግታ ታስረዳቸው ጀመር። አቶ ዱካሞ ከጥያቄው አንድም ነገር አልገባቸውም፤ ጨርሳ እስክትነግራቸው ድረስ ግን ከአጠገቧ አልተነሡም።