የሚስተር ፒከርስጊል ጆሮና ቅናት

እስቲ አንተ አንባቢ፣ ዓይንህን ጨፍነህ የዘጠኝ ዓመት ወንድ ልጅ ሲዘምር ከዘጠኝ ዓመት ሴት ልጅ ትለያለህ? «እንዴታ» ካልክ ወንበር ስበህ ከሚስተር ፒከርስጊል ጎን ተቀመጥ።

እኚህ ሽማግሌ በዌንስፎርድ ካቴድራላችን በወፍራም ድምፃቸው ሲዘምሩ አርጅተው ጡረታ የወጡ ናቸው። አብራቸው የምትኖረው የልጅ ልጃቸው ሲስሊ ቅዳሜ ለልጆች መዘምራን ፈተና መቅረብ ትፈልጋለች። እሳቸው ደግሞ አልፈቅድም ብለዋል።

ሐሙስ ማታ ዝናቡ እሳቸውን፣ እኔንና ወጣቷን የድምፅ መምህርት ሮዊና ታንስሊን ከካቴድራሉ መተላለፊያ ጣራ ሥር ሰበሰበን። ከውስጥ የማታ ጸሎት ይዜማል። በሳምንት ከሚዜምባቸው ስድስት ቀናት ሐሙስ የወንዶቹ ልጆች ተራ ነው፤ ለሴቶቹ የተተወችላቸው ማክሰኞ ብቻ ናት። ሮዊና የሚዘምሩት እነማን እንደሆኑ ጠየቀቻቸው። ጆሯቸውን አዘነበሉና፣

«ሴቶች ናቸው» አሉ። «ዜማው ጫፍ ሳይደርስ ትንፋሻቸው ያልቃል።»

አልተሳሳቱም። ወንዶቹን ጆሮ ደግፍ አስተኝቷቸው ሴቶቹ ተተክተው ነበር።

«አየሽ የኔ ልጅ? ያን ሁሉ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ከምትቀመጪ እኔን ብትጠይቂኝ ይሻልሽ ነበር።»

እኔ ደሜ ፈላ፤ እሷ ግን ሳቀች። ከጉርምስና በፊት የወንድና የሴት ማንቁርት መጠኑ እምብዛም እንደማይለያይ፣ ጥቂት ልዩነት ቢኖር እንኳ ከፊሉ ልጆች ከአባትና ከእናታቸው አነጋገር የሚቀዱት እንደሆነ በትሕትና አስረዳቻቸው። ቀጥላም፣

«እርስዎ በስምንት ዓመትዎ መዘምራኑን ሲቀላቀሉ ድምፅዎ እንዴት ነበር?» አለቻቸው።

«መምህራችን ‹ቀዳዳ ወናፍ› ይሉኝ ነበር።»

«ቀዳዳውን ማን ደፈነው? ወንድነትዎ ነው?»

«በየቀኑ መዘመር ነዋ።»

«እንግዲያው አሁን የሰሙት ሴትነታቸውን አይደለም፤ የተነፈጉትን አምስት ቀን ነው።»

ሽማግሌው ተቆጡ። የአባቶችን ሥርዓት አነሡ፤ ሴቶች ከገቡ ወንዶቹ አፍረው ይወጣሉ አሉ። ደካማ ክርክር የሚጮኸው ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ሮዊና እስኪጨርሱ ጠበቀችና፣

«ይሁን። ሲስሊ ቤት ውስጥ ስታንጎራጉር በር እንደሚዘጉባት ነግራኛለች፤ እሱስ ስለ ሥርዓት ነው?» አለች።

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ዝናቡ አዞሩ።

«በልጅነቴ የገና ዋዜማ የመጀመሪያውን ስንኝ ብቻዬን ዘምሬያለሁ» አሉ። «በዓመቱ ድምፄ ጎረነነ፤ ነጩን ልብሴን አስወልቀው ለሌላ ልጅ አለበሱት። የእሷ ድምፅ ግን እንደኔ አይሰበርም፤ ይበስላል እንጂ። እኔ የተቀማሁትን እሷ ይዛው ልታረጅ ነው። ቁጭ ብዬ ይህን ልስማ?»

«የእርስዎን የወሰደችው እሷ ናት?»

«አይደለችም» አሉ፤ ድምፃቸው ሊሰማ እስኪያቅት ዝቅ ብሎ።

ቅዳሜ እጇን ይዘው ራሳቸው አመጧት። ፈታኞቹ ሲስሊን አመሰገኗት፤ አመስግነውም ለማክሰኞ ብቻ መደቧት። ሽማግሌው እዚያው ቆመው «ስድስቱን ቀን እኩል ይካፈሉ» ብለው ሲከራከሩ መልስ የሰጣቸው የለም።

ቢካፈሉ ማን ይጎዳል? ወንዶቹ ያርፋሉ፤ በሽታ ሲገባ ቤተ ክርስቲያኑ ዝም አይልም፤ ለዘማሪ ወንዶች ብቻ የሚሰጠው ነፃ ትምህርትም ለሴቶች ልጆቻችን ይደርሳል። አንድ ሽማግሌ የስድሳ ዓመት ቅናቱን በሰው ፊት ተናዞ ተነሣ። የካቴድራሉ አለቃ ሆይ፣ ቀኑን የምትደለድሉት እርስዎና ጉባኤዎ የምትፈሩት ምንድን ነው? በጓዳ አይንገሩን፤ እሑድ ከመድረኩ ላይ፣ ሲስሊ ከፊትዎ ተቀምጣ እየሰማች ይመልሱልን።