ሞተሯን ያጠፋኋት እኔ ነኝ

ክቡራትና ክቡራን፣ ይህን ድግስ ያሰናዳችሁልኝ ባልደረቦቼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ወይዘሮ ሂሩት፣ እርስዎ እንደ ኃላፊያችን ስለ እኔ የተናገሩትን ስሰማ ጡረታ የሚወጣው ሌላ ሰው መስሎኝ ዞር ብዬ አየሁ።

ሠላሳ አንድ ዓመት በዚህ የውሃ መሥሪያ ቤት ግቢ ሞተር ስጠግን ኖርኩ። ወልድያ ሐይቅ የላትም፤ የጀልባ ሞተር ግን አላት። አዲስ የገባችሁ ልጆች መጋዘን ጥግ በሸራ ተሸፍና የምታዩዋት አሮጊት እሷ ናት። በየወሩ በፒካፕ ጭነን፣ መርሳን አልፈን፣ ግራና ከተባለችው ከተማ አጠገብ ወዳለው ግድብ እንወስዳት ነበር፤ ደለሉ የቱ ድረስ እንደሞላ ለመለካት። ሞተሯን የምይዘው እኔ፣ ጀልባውን የሚነዳው ዛኪር።

ዛኪርን ስንቶቻችሁ ታውቁታላችሁ? የውርጌሳ ሰው ነው፤ እዚህ በኮንትራት ይሠራ ነበር። መንገዱን ሙሉ መንዙማ ያንጎራጉራል። እኔም ላለመበለጥ አምባሰል ስጀምር፣ "ተው ወንዴ፣ መኪናው ይቆምብናል" ይለኛል።

የዛሬ ሰባት ዓመት ግድቡ መሀል ላይ ሞተሯ ቀጥ አለች። ገመዱን ብስብ ብስብ፣ ወይ ፍንክች። ዛኪር፣ "ወንዴ፣ እስቲ የነዳጁን ክዳን እየው" አለኝ። ምን ብመልስለት ጥሩ ነው? "አንተ መቅዘፊያህን ያዝ!" እኔ እኮ ባለዲፕሎማ ነኝ። ካንዴላውን ፈታሁ፣ ጠረግሁ፣ መለስሁ። ካርቡራተሩን ነቅዬ አጠብሁ። ሁለት ደቂቃ ትሠራና መልሳ ትጠፋለች። በመጨረሻ ዛኪር እየቀዘፈ አወጣን። እጁ ተልጦ ነበር።

በማግስቱ የዚያን ጊዜው አለቃዬ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠየቀኝ። "ነዳጁ ውስጥ ውሃ ገብቷል፤ የቀዳውም ዛኪር ነው" ብዬ ጻፍሁ። ያኔ አምኜበት ነው። ለዛኪር የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጠው፤ ኮንትራቱም ሳይታደስ ቀረ።

እሱ በሄደ በሁለተኛው ሳምንት ሞተሯን እዚሁ ጋራዥ አስነሣሁና አሁንም ጠፋችብኝ። ያን ጊዜ ነው ክዳኑን ያየሁት። እላዩ ላይ ያለችው የአየር ማስገቢያ ብሎን ጥርቅም ብላለች። ላላ ባደርጋት ሰልባትዮው፣ የነዳጁ ጋን፣ ፍስስ ብሎ ተነፈሰ፤ ሞተሯም ገመዱን አንዴ ስስበው ተነሣች። ነዳጅ ሲወጣ በምትኩ አየር ካልገባ፣ ነዳጁ አልወርድም ይላል። ብሎኗን የዘጋት ማነው? እኔ። ከመርሳ ወዲያ ያለው ኮረኮንች ሲያንገጫግጨን ነዳጁ እንዳይፈስ ሁልጊዜ የምዘጋት እኔ፣ ስንደርስ የምከፍታት እኔ። ያን ቀን ረሳኋት። ሐይቅ ዳር የሚኖር ሰው ይህን ስህተት አይሠራም፤ ሞተሩን በመኪና ሲያመላልስ አይውልማ።

ታዲያ ለምን አልተናገርኩም? አፈርኩ። ዛሬ ነገ ስል ሰባት ዓመት ሄደ። ሌላ ምክንያት ባገኝ ደስ ባለኝ፤ የለኝም።

ከእሱ በኋላ ከብዙ ሰው ጋር ሠርቻለሁ፤ ጎበዞች ናችሁ። ግን ፒካፑ ውስጥ መዝፈን ተውሁ። እናንተ ሁላችሁ "አቶ ወንዳወቅ" ትሉኛላችሁ። ወንዴ የሚለኝ ሰው ናፈቀኝ። በጣም ናፈቀኝ።

ባለፈው ሐሙስ ደውዬ ለዛሬ ጠራሁት። "ጡረታ ወጣህ? አልሐምዱሊላህ፣ በጤና ጨረስክ" አለኝ። እመጣለሁም አልመጣምም አላለኝ። ስለ ደብዳቤው እሱ አላነሣም፤ እኔም በስልክ መናገር አቃተኝ። ይኸው አልመጣም።

ወይዘሮ ሂሩት፣ ያለበሳችሁኝ ጋቢ በጣም ያምራል። ግን አንድ ነገር ልጨምርብዎት። ይህ ወረቀት የእምነት ቃሌ ነው፤ ሁሉንም ጽፌ ፈርሜበታለሁ። ከዛኪር ማኅደር ውስጥ፣ ከዚያ ማስጠንቀቂያ ጋር ይያያዝልኝ። ቅጂውን ይዤ ሰኞ ውርጌሳ እወርዳለሁ። ካሻው ያባርረኝ፤ መብቱ ነው።

እናንተን ፈጣሪ ይጠብቅልኝ። ሥራችሁን ይባርክ፣ ልጆቻችሁን ለወግ ለማዕረግ ያብቃላችሁ። የበደላችሁት ሰው ካለ ደግሞ፣ አጠገባችሁ ተቀምጦ ሳለ የምትነግሩበትን ድፍረት ይስጣችሁ። እኔ የተናገርኩት እሱ ሄዶ፣ እኔም ልሄድ ስል ነው።