ቁርጥ ዋንዛ

ከመቱ ወደ ጎሬ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት እናትና አንድ ጎልማሳ ያወራሉ።

«እትዬ፣ ግቢዬ ውስጥ አበባው መሀል የሚነጠፍ ጣውላ አዝዣለሁ። ከፕላስቲክና ከሰጋቱራ የተሠራ ነው።»

«ምነው፣ እንጨት ከኢሉባቦር ጠፋ እንዴ?»

«ይሄኛውን ምስጥ አይበላውም።»

«ምስጥስ ምን በወጣው ፕላስቲክ ይበላል!»

«ድፍንም አለው፣ ውስጡ ባዶም አለው። እኔ ባዶውን መረጥኩ፤ ቀላል ነው።»

«ደግ አደረግህ፤ ዘንድሮ የሚወደደውም ባዶው ነው።»

«መልኩ ደግሞ ቁርጥ ዋንዛ!»

«ግቢህ ያለው ዋንዛ እንዳይቀናበት።»

«እሱንማ ቆረጥኩት፤ ቦታ ያዘብኝ።»

«ታዲያ ፀሐዩን በምን ልትችለው ነው?»

«ትልቅ ጃንጥላ አዝዣለሁ።»

«መልኩስ?»

«አረንጓዴ ነው፤ የዋንዛ ቅጠል የመሰለ።»

ጎሬ እስክንደርስ በመስኮቱ ዛፎቹን ስሰናበት ሄድኩ።