ጎመኑ እንዴት እንዲህ ጣፈጠ?

ቨርዴል ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም ነበር። ባሏ ክሊተስ ልቡን ታሞ ከሆስፒታል ከወጣ አራት ዓመት ሆኖታል። ሐኪሙ ስብና ጨው ከልክሎታል። እሷም የተማረች ናትና የሐኪሙን ወረቀት ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈች፤ አልፋ ተርፋም በየረቡዑ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ለሴቶቹ ስለ ልብ ጤና ማስተማር ጀመረች። ክሊተስ ግን ሳህኑን እየገፋ ሲከሳባት አንጀቷ አልቻለም። ከዚያ ወዲህ ጎመን በቀቀለች ቁጥር፣ ምድጃው ዳር በቆርቆሮ ከምታጠራቅመው የአሳማ ስብ አንድ ማንኪያ ጣል ታደርግበታለች።

አንድ ቅዳሜ ሴቶቹ ለእሑድ ምሳ አተር ሲፈለፍሉ፣ ጎረቤቷ እትዬ ዩላ ጀርባዋን ለቨርዴል ሰጥታ አጠገቧ ወደተቀመጠችው ወደ ጆኔል ዞረች።

«ዘንድሮ ዝናቡ ለአተሩ ደግ ነበር፤ አይደል ጆኔል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እሰይ! እኔማ ስለ ጤና እየተማርኩ ነው። አንዲት ሴት አውቃለሁ... ስም ምን ያደርጋል! ጎመኗን ያለ ስብ ነው አሉ የምትሠራው። ሽታው ግን አጥር ተሻግሮ ውሻዬን ያስለቅሰዋል። ትምህርት ማለት ይሄ አይደል? እኛ መሃይሞቹ ስብ ካልጨመርን መች ይሸትልናል? ‹ስብ የልብ ጠላት ነው› ትላለች... መጽሐፉስ ‹ጠላታችሁን ውደዱ› አይደል የሚለው? ቃሉን ፈጸመች እንጂ ምን አጠፋች!

ሐኪሙ ግራ ገብቶት ክኒኑን ከአንድ ሁለት፣ ከሁለት ሦስት አደረገው አሉ። ምን ያድርግ ምስኪን? የተማረው ደም መመርመር እንጂ ጎመን መቅመስ አይደል። ባልየውስ ብትዪ! ደስ ብሎት ይበላል። በረንዳው ድረስ ሲወጣ ብቻ ሦስቴ ያርፋል... ታዲያ ምን ያጣድፈዋል? ሙያ በልብ ነው ሲሉ አልሰማሽም? የእሷ ሙያ ደግሞ... በባሏ ልብ ነው።

አይ፣ እኔስ እወዳታለሁ። ለባሏ የምትሳሳ ሴት! እግዜር እጇን ይባርክላት፤ ለእሷም ረጅም፣ ረጅም ዕድሜ ይስጥልኝ... ጥቁር ልብስ መቼም ያምርባታል።»

ቨርዴል ቀና አላለችም። አተሯን ፈልፍላ ጨርሳ ወደ ቤቷ ሄደች።

በማግሥቱ ጠዋት፣ ለቤተ ክርስቲያን ሲዘጋጁ፣ የክሊተስን ከረባት እያሰረች፣ ዓይኑን ሳታይ ሁሉንም ነገረችው።